ሰባት ቁጥር እስክትዘጋ

ጥር 9

ስድስት ቁጥር ጉድጓድን ዛሬ በሲሚንቶ ደፈንናት። ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ "ነፍስ ይማር" አለ። ሳቅን። ከዚህ ሁሉ የነዳጅ ሜዳ የቀረችው ሰባት ቁጥር ብቻ ናት። እሷም ነዳጅ ከሰጠች ቆይታለች፤ ጨው ውሃ ነው የምትተፋው።

ቤት ስገባ አባዬ ሰባት ቁጥርን በሚያሳየው መስኮት ሥር ተቀምጧል። እንደ ሁልጊዜው።

"ስንት ቀረ?"

"አንድ።"

"እሷማ ልጄ ናት" አለ። በወጣትነቱ የቆፈራት እሱ ነው። ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለሰልሳል። እኔን ሲጠራኝ እንዲህ ለስልሶ አያውቅም… በጉድጓድ ቀናሁ እንዴ?

ጥር 10

ወንድሜ ከወደብ ከተማ ደወለ። ቤቱ ለእኔና ለአባዬ ያዘጋጀው ክፍል ተቀብቶ አልቋል። እዚያ ያለ የውሃ ምርመራ ቤት ሰው ይፈልጋል፣ ስሜን ሰጥቶልኛል። "መቼ ነው የምትመጡት?" ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ! ቀኑ ያለው አባዬ እጅ ነው። እናቴ የሞተች ሰሞን ቁርጡን ነግሮናል። "የመጨረሻዋ ጉድጓድ ስትዘጋ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱኝ። እስከዚያ ከዚህች ቤት ንቅንቅ የለም።"

ብቻውን ጥዬው እንዳልሄድ፣ ከአልጋ እስከ መስኮት ሲሄድ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ማን ውሃ ያቀብለዋል? ወንድሜ እንደሆነ በጊዜ አምልጧል።

አርባ ልደፍን ነው። የጉድጓድ ሞት የምጠብቅ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ወይ ጉድ።

ጥር 16

እንግዶች መጡ። ሊቲየም ፈላጊዎች። ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚሆን ነገር ነው አሉ፤ ከነዳጁ ጋር በሚወጣው ጨው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይገኛል። ሃያ ዓመት ስደፋው የኖርኩት ውሃ! ኬሚስቷ ቀጭን ልጅ ናት፤ ጓንት ከእጇ አይወልቅም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሠራተኛው "ጓንት" ብሎ ሰየማት።

"እስቲ ለሙከራ ከሰባት ቁጥር ትንሽ ቅጂልኝ" አለችኝ። ናሙና ቀጂዋ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። ቀዳሁ፣ አሳረፍኩ፣ ውሃውን ከሥር ለቅቄ ደፋሁ። ላዩ ላይ የተንሳፈፈችውን ጭላጭ ድፍድፍ ነዳጅ በጠርሙስ ይዤ እየተኩራራሁ አቀረብኩላት። ጠርሙሱን አየች። እኔን አየች።

"ውሃውስ?"

"ደፋሁት።"

"እኔ የምፈልገው እኮ ውሃውን ነው!"

ሾፌሩ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እጄ ምን ያድርግ? የለመደው ያንን ነው። እኔም እስካለቅስ ሳቅሁ። ጓንት ራሷ ሳቀች። "ግድ የለም፣ ዋናው ናሙና መሣሪያችን ሲደርስ ነው" አለችኝ።

ወደ ቤት ስሄድ ነው የገባኝ። ውሃው ጥሩ ከሆነስ? ሰባት ቁጥር አትዘጋም። የተደፈኑትም ይከፈታሉ እያሉ ነው። ሌላ ሃያ ዓመት…

ጥር 19

ለአባዬ ነገርኩት። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብዬ ነው። እንባ አቀረረ። አባዬ! እናቴ ስትቀበር ዓይኑ ያልረጠበው ሰውዬ።

"አላልኳችሁም? አልሞተችም አላልኳችሁም?" እያለ እጁን ያወናጭፋል። ትንፋሽ አጠረው። ጀርባውን እያሻሸሁለት ስለዚያ ክፍል አሰብኩ። ምን ቀለም እንደተቀባ እንኳ አልጠየቅሁም።

ተናድጃለሁ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። በእሱ? በውሃው?

ጥር 22

ዳቦ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቁ ምርቃት ብሎ አንድ ጨመረልኝ። "ሳይደግስ አይጣላም" አለ፤ ጥርስ በጥርስ ሆኗል። "ውሃዋ ጥሩ ከሆነች ሰው ይመለሳል። ሱቄን ልዘጋ ነበር እኮ። አሁን ሁላችንም አንቺ እጅ ላይ ነን።"

እኔስ ማን እጅ ላይ ነኝ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ።

ጥር 25

መሣሪያው ደረሰ። ናሙናው ነገ ነው። አባዬ ሸሚዙን አስተኩሶኛል። ለምን ቢባል፣ መስኮት ሥር ሊቀመጥ።

ጥር 26

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቫልቯ ተዘግቶ የቆየች ጉድጓድ አፏ ላይ ያለው ውሃ የራሷ አይደለም። የዝናብና የእጥበት ውሃ ነው፣ ቀዝቃዛ። ቫልቩን ከፍተሽ መጠበቅ ነው… ግማሽ ቀን ይፈስሳል። የራሷ ውሃ ከጥልቁ ሲመጣ ቧንቧው ይግላል፣ በእጅ አይያዝም። የሚቀዳው ያኔ ነው። አባዬ ነው ያስተማረኝ፤ ገና ልጅ ሳለሁ፣ እጄን ይዞ ቧንቧውን እያስነካ።

ጓንት መሣሪያዋን ልታስተካክል ካምፕ ቀረች። "አንቺ ታውቂበታለሽ" ብላ ጠርሙሶቹን ሰጠችኝ። ሾፌሩ ረፋድ ላይ አድርሶኝ ተመለሰ። ብቻዬን ቀረሁ።

ከፈትኩ። እጄን ቧንቧው ላይ አደረግሁ። ቀዝቃዛ። ትንሽ ቆየሁ። አሁንም ቀዝቃዛ። ከኮረብታው ሥር ቤታችን ይታያል፤ መስኮቱም። እዚያ መስኮት ሥር አንድ ቀን እኔ ተተክቼ ስቀመጥ ታየኝ።

ቀዳሁ። ጠርሙሶቹ ላይ "ሙቅ" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሌ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው… ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ጠርሙሶቹን በእግሬ ካምፕ ወስጄ አስረክቤ ቤት ስገባ አባዬ ምሳውን አልጨረሰም። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ቶሎ መጣሽ።"

"ሥራው ቶሎ አለቀ።"

"እሺ" አለና መብላቱን ቀጠለ።

የካቲት 3

ውጤቱ መጣ። ውሃው በሊቲየም በጣም ቀጭን ነው፤ ወጪውን አያወጣም አሉ። ሾፌሩ "ከእጅ አይሻል ዶማ!" ብሎ የመኪናውን ጎማ በእርግጫ መታው። ባለሱቁ ዳቦውን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። አቧራውን ጠረግሁ። መልሼ ከተትኩት። ምን ነካኝ?

አባዬ ሰምቷል። መስኮቱን ዘግቶ ተኛ።

የካቲት 4

ጓንት ቤት ድረስ መጣች። በሩን ከፍቼ ሳያት የመጣችው ለእኔ መሰለኝ። የፈለገችው ግን አባዬን ነው። ጓንቷን አውልቃ ጨበጠችው።

"አባባ፣ ሰባት ቁጥርን የቆፈሯት እርስዎ ነዎት አሉኝ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ከኮረብታው ማዶ ያለው ውሃ በሊቲየም የጠገበ ነው። የእርስዎም ጉድጓድ ከዚያው ድንጋይ ነው የምትቀዳው። እንዴት እንዲህ ቀጠነች? ዕቃችን ተጭኗል፣ ነገ እንመለሳለን። እርስዎ 'እንደገና ይቀዳ' ካሉኝ ግን አስቆማቸዋለሁ።"

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። አየኝ፣ አየኝ… ዓይኑን አይነቅልም። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ ቆሜያለሁ። ንገራትና ይውጣልኝ የሚል ነገር ውስጤ አለ። እባክህ ዝም በል የሚልም አለ።

"አርጅታለች፣ ልጄ" አላት። "ተያት ትረፍ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል?"

አመስግናው ወጣች። በሩን ዘግቼ ስመለስ አባዬ ጫማውን እየፈለገ ነው። "ቃል ገብቼ የለ? ሻንጣሽን አውጪ" አለኝ። ፊቱን አየሁት። ምንም የለም። ያውቃል? አያውቅም? መጠየቅ አቃተኝ።

የካቲት 11

ሰባት ቁጥር ተደፈነች። አባዬ "ልይ" አላለም። ሾፌሩም ዛሬ "ነፍስ ይማር" አላለም።

የካቲት 15

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ባለሱቁ ለመንገድ ብሎ ዳቦ በፌስታል ሰጠን፤ ብንለው ብንለው ሒሳብ አልቀበልም አለ። ምነው በሰደበኝ ኖሮ!

መጋቢት 2

ክፍሉ ሰማያዊ ነው የተቀባው። መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ያያል። አባዬ ወንበሩን እዚያው ሥር አስጠግቷል… ግድግዳውን ያያል።

መጋቢት 20

ሥራው ጥሩ ነው። ነጭ ካፖርት ሰጥተውኛል። ሰው ያከብረኛል። የተመኘሁት ሁሉ ሆነልኝ፣ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ጠርሙስ ላይ አንድ ቃል ጽፌ ሦስቴ መልሼ አነበዋለሁ።

የወንድሜ ሚስት ጠዋት በር ላይ ያዘችኝ። "አባባ ጃጁ መሰለኝ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንቺ ሥራ ስትሄጂ የጓሮውን ቧንቧ ይከፍቱና እጃቸውን ከሥሩ አድርገው ይቆማሉ። ዝም ብሎ ይፈስሳል። 'ኧረ ውሃው አለቀ' ስላቸው 'ቆይ፣ ገና አልሞቀም' ይሉኛል። የጓሮው እኮ ሙቅ ውሃ የለውም!"

ሥራ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ። ጓሮ ዞሬ ስገባ ቆሟል። በዚያ በታመመ ደረቱ፣ ያለ ምርኩዝ። እጁ ከቅዝቃዜው የተነሳ ጠቁሯል። ዞር ብሎ አየኝ።

"ቶሎ መጣሽ" አለኝ።

እንደዚያ ቀን። በዚያው ድምፅ።

"ታውቅ ነበር፣ አይደል?" አልኩት።

"እንዴት አላውቅም? እሷ ግማሽ ቀን ትፈልጋለች። አንቺ ምሳዬን ሳልጨርስ ገባሽ።"

"ታዲያ ለምን ለልጅቷ አልነገርካትም? ለምን ዝም አልክ፣ አባዬ?"

ውሃው እግራችን ሥር ኩሬ ሠርቷል።

"ሁለት ሴት ልጆች ነበሩኝ፤ እሷና አንቺ" አለ። "ሁለቱንም አፈር ሥር ላቆያቸው?"

አለቀስኩ። ከእናቴ ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። ቧንቧውን ልዘጋው እጄን ስሰድ "ተይው፣ ትንሽ ይፍሰስ" አለኝ። እጄን ከእጁ አጠገብ አስገባሁ። የወንድሜ ሚስት ከውስጥ "ኧረ ውሃው!" ትላለች። እኛ እዚያው ቆምን። ቀዝቃዛ ነበር።