በዕረፍቱ ዓመት ስለታረሰው ማሳዬ፣ ለንጉሡ የእርሻ አዛዥ

ለተከበሩ ለዓዝሪቃም፣
በኤፍሬም ተራራ የንጉሡ እርሻና አውድማ ሁሉ አዛዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ወገብዎ አይጉበጥ፣ ከወይራችን የሚጨመቀው ዘይትም ከጢምዎ አይጥፋ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ሁሉ ከዚህ በታች ተጽፏል። ይህን የሚጽፍልኝ በመንደራችን በእንግድነት የተቀመጠ ሌዋዊ ነው፤ ፊደሉ የእሱ፣ ሐሞቱ የእኔ። ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት በከተማው በር ላይ እንዲነበብም ጠይቄያለሁ፤ የእርስዎን ያህል ውለታ በአንድ ቤት ታፍኖ ቢቀር ነውር ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ንጉሡ አመሰግናለሁ። ከእሱ በፊት የነበረን ንጉሥ፣ እንደሚያውቁት፣ የማይታይ ነበር። ሰረገላ የለው፣ ጋሻ ጃግሬ የለው፣ ማዕዱን የቀመሰ ሰው የለ። ከአዝመራው በኩራቱን ተቀብሎ ዝም የሚል፣ በየሰባት ዓመቱ ደግሞ መሬቴን አሳርፉልኝ፣ በራሱ የበቀለውንም ድሃ ይብላው የሚል ጌታ ይዘን በጎረቤቶቻችን ፊት እንዴት አንፈር? ፍልስጥኤማውያን ብረት ታጥቀው ሲወጡብን የእነሱ ንጉሥ ከፊት ከፊት ይታያል፤ የእኛን የት ብለን እናሳይ? ስለዚህ ሽማግሌዎቻችን ሄደው፣ ከፊታችን የሚወጣ ንጉሥ ይሰጠን ብለው ጮኹ፤ ተሰጠንም። ከሰረገላው ፊት የሚሮጡት የእኛው ልጆች ሆነው ተገኙ እንጂ፣ ሌላው ሁሉ እንደ ልመናችን ነው።

ሁለተኛ፣ ከእነዚያ ሯጮች አንዱ የእኔ ልጅ ያሚን ስለሆነ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አምና በመከር ሰዎችዎ መጥተው፣ እንደሚገዛ በሬ እግሩን ዳብሰው ሲወስዱት ማጭዱን እንኳን ከእጁ አላስቀመጠም ነበር። እናቱ ከሞተች ወዲህ በቤቴ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ ሰው የለም። ይህንንም በደጅዎ ተደፍቼ ልጄን ይመልሱልኝ ብዬ ስለምን፣ እርስዎ ወይንዎን እየተጎነጩ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተውኛል። እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛው ነገር ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። ዘንድሮ ሰባተኛው ዓመት ነው። በአባቶቼ ልማድ የማሳዬን ካብ በአንድ በኩል ናድሁት፤ ድሃውም መጻተኛውም ሳይሳቀቅ እንዲገባ ነው። ዝናቡ ከወረደ በኋላ ከአምናው የረገፈው ገብስ በራሱ በቅሎ ጉልበት ደረሰ። በዚያ ገብስ ተስፋ ያደረገች ዔግላ የምትባል ባልቴት አለች፤ የመንደሩን ልጆች ሁሉ፣ ያሚንንም ጭምር፣ ያዋለደች ሴት ናት። ዛሬ ጉልበቷ ደክሟል፤ ልጅም ዘመድም የላትም። ትእዛዝዎ የደረሰኝ በዚህ መሃል ነው፤ ሠራዊት በሰባተኛውም ዓመት ይበላልና ማሳው ለንጉሡ ይታረስ የሚል። እኔም መሬቱ ዘንድሮ በእጄ አይደለም፣ ባለቤቱ አምላክ መሬቴ ይረፍ ብሏል ብዬ መለስሁ። እርስዎም ንጉሡ የተቀባው በዚያው ባለቤት ዘይት ስለሆነ የሁለቱ ቃል አንድ ነው ብለው ላኩብኝ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ትምህርት ከካህናቱ እንኳን ሰምቼ አላውቅም። መልእክተኛዎም ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ "እረስ ግድ የለህም፤ ብታርስ ያሚን ቤቱ ይገባል። አዛዡ ቃላቸውን ሰጥተዋል" አለኝ።

እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፋ። በአንድ በኩል አባቶቼን ከግብፅ ያወጣ አምላክ፣ በሌላ በኩል ያሚን። እርስዎም ልጆች አሉዎት፤ ይፍረዱ። በሬዎቼን ጠመድሁ። ያንን ለምለም ገብስ ከነሥሩ ገለበጥሁት። ዔግላ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ በተናደው ካብ በኩል ቆማ ታየኝ ነበር። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

እርስዎ ግን ያሉትን አደረጉ፤ ይህን የሚክድ ዓይኑ ይፍሰስ። ያሚን መጣ። የንጉሡን ቀበቶ ታጥቆ፣ የንጉሡን ጦር ይዞ፣ የዚያው ማሳ ጠባቂ ሆኖ መጣ። ላቅፈው ስሮጥ ጦሩን በመሃላችን አደረገና ካቡን ማን እንዳፈረሰው ጠየቀኝ። በማግስቱ ድንጋዩን በገዛ እጁ መልሶ ደረደረው። የሠራሁለትን የምስር ወጥ አልቀመሰም፤ ቀለቤ ከንጉሡ ቤት ነው አለኝ።

ማረሻው ስቶት በካቡ ጥግ የቀረ ጥቂት ገብስ ነበር። ፍሬ ሲይዝ ዔግላ አይታ እንደምንም ካቡን ተሻግራ ገባች፤ ያሚን እሸቱን ስትቀጥፍ አገኛት። ውጪ አላት። እሷም የሰው ፊት የረሳ መስሏት፣ "ልጄ፣ እኔ እኮ ዔግላ ነኝ፤ በእነዚህ እጆች ነው የተቀበልሁህ" ብላ ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ አሳየችው። በጦሩ ዘንግ መታቸው፤ ሁለቱንም። እኔ ከካቡ አጠገብ ባለው አውድማ ላይ ነበርሁ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ።

ምን አደረግህ ብዬ አንገቱን ይዤ ጠየቅሁት። "አባዬ፣ እሷን ባልመታ እኔን ነው የሚገርፉኝ" አለኝ። ድምፁ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። አሁን ዔግላ እኔ ቤት ናት፤ እጆቿ በጨርቅ ስለታሰሩ የማጎርሳት እኔ ነኝ። የእሱን ኮቴ ስትሰማ ጉርሻው ከአፏ ይወድቃል።

ስለዚህ ክቡር አዛዥ፣ ሳላፍር ሌላ ልመና ይዤ መጥቻለሁ፤ ያሚንን መልሰው ይውሰዱልኝ። ከሰረገላው ፊት ይሩጥ። ሲሮጥ ቢያንስ እጆቹ ሥራ ይፈታሉ።

የጫማዎ ትቢያ ለመሆን ገና ማዕረጉ ያልደረሰው፣ የንጉሡን ማሳ በገዛ በሬዎቹ የሚያርስ፣ ስለ ልጁ መመለስ በየጧቱ የሚያመሰግንዎ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ሰማክያ የኤልዳድ ልጅ

ማስታወሻ፦ ይህን አቤቱታ ለእርስዎ መጻፌ ይሰሙኛል ብዬ አይደለም። ለቀድሞው ንጉሣችን ላቀርበው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ሌላ ንጉሥ ሲለምኑት፣ በዚህ ንጉሥ ምክንያት በምትጮሁበት ቀን እኔ አልሰማችሁም ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል። እሱ ደግሞ ያለውን አያጥፍም።