እትዬ ሆዴና ሆድ ያልፈጀው ነገር

በሥራ ቦታቸው «እትዬ ሆዴ» የሚባሉት አያታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከዛሬ ሰባ አራት ዓመት በፊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሰፈራቸው ባለው ትምህርት ቤት ገብተው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ ስለ ስፖርቱ ባይወራ ይሻላል።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ተመርቀው፣ በሰው ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን በሚያጠና የምርምር ማዕከል ተቀጠሩ። ሥራቸው የሰገራ ናሙና መቀበል ነበር። ቤተሰቡ ሰው ሲጠይቅ «ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው» ብሎ ያልፋል፤ እሳቸው ግን፣ ያውም ምሳ ላይ፣ በዝርዝር ያስረዱ ነበር። ትልቁንም ትንሹንም «ሆዴ» እያሉ ስለሚጠሩ ቅጽል ስማቸው በዚያው ወጣ።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በብልቃጥ ምክንያት ነው። አናጢው አያታችን ለጥናቱ ናሙና ሲያመጡ ሰዓት ስላሳለፉ እትዬ ሆዴ በሰው ፊት ተቆጧቸው። አናጢው በማግስቱ ማንም ሳይጠራቸው ሌላ ብልቃጥ ይዘው መጡ። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ማዕከሉ፣ ሆዳቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ እንክብል የሚሰጥበት ትልቅ ጥናት ጀመረ። ባክቴሪያዎቹ እንዳይሞቱ እንክብሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። ማዕከሉ ለዓመት ዕረፍት ሊዘጋ ሲል እትዬ ሆዴ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ለማጽዳት ሶኬቱን ነቀሉ፤ ሳይሰኩት ሄዱ። ሦስት ሳምንት፣ ያውም በሙቀት ወራት። ሲመለሱ ዝም ብለው ሰኩት። እንክብሉ ታደለ፤ ሕመምተኞቹ ተሻለን አሉ፤ ዋናው ተመራማሪ በደስታ ጽሑፋቸውን አዘጋጁ። እትዬ ሆዴ ግን አላመኑም። ከተረፈው እንክብል ወስደው ባክቴሪያውን ሊያሳድጉ ሞከሩ፤ አንድም አልበቀለም። ሰዉ የዋጠው የሞተውን ነበር።

ምስጢሩን የነገሯቸው ባልደረባ «ሆድ ይፍጀው» ብለው መከሯቸው። እሳቸው ስብሰባ መሀል ተነሥተው፣ «ሠላሳ ዓመት የሰው ሆድ ሳጠና ይሄንን የሚፈጅ ሆድ አላገኘሁም። ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ጽሑፉ ተቀደደ፤ ጥናቱ እንደገና ተጀመረ። እትዬ ሆዴ በቅጣት ሁለት ዓመት ብልቃጥ አጠቡ። ተመራማሪው ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈጓቸው፤ በኋላ ግን እሳቸው ያልመዘገቡትን ናሙና አልቀበልም ማለት ጀመሩ። ዛሬ በዚህ ቀብር ከፊት ወንበር ተቀምጠው የሚያለቅሱት እኚሁ ተመራማሪ ናቸው።

እትዬ ሆዴ ባለፈው ዓመት የአንጀት ካንሰር ይዟቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። አልጋ ላይ ሆነው የራሳቸውን ናሙና ለማዕከሉ ላኩ፤ ቁጥሩንና ቀኑንም በዚያ ክብ ጽሕፈታቸው ራሳቸው ጻፉበት። ጥር 17 ቀን ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተናል።

ትልቋ ልጃቸው አክስታችን፣ የሶኬቱ ነገር በቀብር ላይ አይነበብ ብለው ነበር። እትዬ ሆዴ ግን ይህን ታሪክ የጻፈችውን የልጅ ልጃቸውን አስቀድመው፣ «ሶኬቷን እንዳትዘያት፣ ሆዴ» ብለዋታል። ይኸው አልተዘለለችም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ቀዝቀዝ ባለ፣ ማንም ሶኬት በማይነቅልበት ስፍራ ያሳርፍልን።