የጓንግ ጥልቅ ኩሬ

መጋቢት 3፣ ጠዋት
አምባዛ። አሁንም አምባዛ። ዓሣ ስቀድ አረፈድኩ፤ ሌላ ዘር የለም። ድንበር ተሻግረን ባሱንዳ የገባን ሰሞን እንዲህ አልነበረም፣ ደብተሬ። የጓንግ ወንዝ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሲሆን፣ ከአንዱ ኩሬ ብቻ ቆሮሶው፣ ነጭ ዓሣው፣ ጢማሙ ቀርቁር፣ ሲነኩት የሚያነዝረው ረዓድ ይወጣ ነበር። ዒጅል የሚሉት ትልቁማ ሰው ያክላል። ከዚያ ታች ግድብ ተሠራ፤ ሽቅብ የሚወጣው ቀረ። ቀጥሎ ሰዉ በአጎበር ማጥመድ ለመደ፤ ጫጩቱም አለቀ።
ባሌ ጌጡ ግን ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። ገፊ ነኝ። ትናንት ባዶ መረቡን ፊቴ ላይ ወረወረው። ጭቃው ዓይኔ ገባ።

መጋቢት 5
ጾም ነው። ቄሱ ቢያጉረመርሙም ሱክ፣ ገበያው ላይ፣ ዓሣ ይፈለጋል። ጌጡ ከዓም ኢሳ ጋር ተጣላ። ዓም ኢሳ፣ ሁሉም አጎት የሚለው፣ ከወንዙ ማዶ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ሱዳናዊ። ለጌጡ መረብ መሥራት ያስተማረው እሱ። ጥልቁን ኩሬ እስከ ክረምት አትንኩት አለ፤ የቀረው ዘር እዚያ ነው አለ። ጌጡ ሳቀበት። ዘር የሚያስቀምጥ ገበሬ ነው፣ እኔ የሚበላ ነው የምፈልገው አለው። ሽማግሌው ጥሎት ሄደ። ባይሄድ ጌጡ ይመታው ነበር።

መጋቢት 8፣ ከሰዓት
ጌጡ ከሰሊጥ መሽሩዕ፣ ከትልቁ እርሻ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጣ። ሽታው ተባይ የሚረጩበት መርዝ ነው። ምንድነው አልኩ።
«ቢላሽን አዘጋጂ። ሌላው አያገባሽም።»

መጋቢት 9
ሲነጋ ጥልቁ ኩሬ ውስጥ ደፋው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ውኃው ነጭ ሆነ። የዓሣ ሆድ ብቻ። እግሬን ነክሬ እለቅማለሁ፤ ቆዳዬ ይቃጠላል።
ሁሉም አሉ፣ ደብተሬ! ጠፉ ያልኩህ ሁሉ! ነጭ ዓሣው። ቀርቁሩ። ረዓዱን በእጄ ያዝኩት፤ አያነዝርም። ለካ እዚህ ተደብቀው ነበር የኖሩት። ጥግ ላይ አንዲት ዒጅል አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሆዷ በዕንቁላል ተወጥሯል። ጌጡ ጭንቅላቷን በዱላ አደቀቀው።
«ይኸው! ገፊነትሽ ለቀቀሽ!» እያለ ይጨፍራል።
ቀደድኩ። ጨው ነሰነስኩ። ቆጥ ላይ ሰጣሁ። አንጀቱን የበላች ድመት እበራፍ ላይ ተገትራ ሞተች። ለጌጡ ነገርኩት። መርዙን ጨው ያረክሰዋል አለ። እሱ ግን አልቀመሰም።

መጋቢት 11
ለበጋ ወንዙ ዳር የሰፈሩት ዘላኖች ላሞች ከኩሬው ጠጥተው አለቁ። ባለከብቶቹ መጡ። ማነው? አሉ። ጌጡ ነው ቀድሞ ጣቱን የቀሰረው። ከኩሬው የማይለየው ኢሳ ነው፣ ሌላ ማን አለ ብሎ። የእኛ መንደር ሰውም አዎ አለ፤ የዓም ኢሳን ዓሣ እየበላ ያደገ ሁሉ።
ባለከብቶቹ የዓም ኢሳን ቀኝ እጅ በገዛ ጀልባው ጠርዝ ላይ አስደግፈው በዱላ ሰበሩት። ክንዱን ግጥም አድርጎ የያዘላቸው ጌጡ። ሽማግሌው ወደኔ ዞረ።
«ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ።»
መሬት መሬት አየሁ።
ማታ ጌጡ ሽሮውን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

መጋቢት 12፣ ቀትር
ዓሣው ደርቋል። ነገ ሎሪ ይመጣል፤ ጭነቱ ወደ ቱነይድባ፣ ወደ ስደተኛው ሰፈር ነው። እዚያ ሕፃናት አሉ አልኩት። የሰልፍ ለማኝ ምን መርጦ ይበላል አለኝ። አልጋው ላይ ወጥቶ ተኛ። ያንኮራፋል።
ቆጡ ላይ ናፍጣ አርከፈከፍኩ። ክብሪት ጫርኩ። ዒጅሏ መጀመሪያ ተያያዘች፤ ስብ ነበራት።
እየተቻኮልኩ ነው፤ ጽሑፌ አያምርም። ወደ ባለከብቶቹ ሰፈር እሄዳለሁ። ዓም ኢሳ አይደለም፣ ባሌ ነው፣ ዓሣውን የቀደድኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። ጌጡን ሊገድሉት ይችላሉ። አውቃለሁ። እኔንም። የሽማግሌው ግራ እጅ ገና ደህና ነው፤ ነገ እሱንም እንሰብራለን ሲሉ ሰምቻለሁ።
ጭሱ ቤት ገባ። ጌጡ እያሳለ ስሜን ይጠራል። ነጠላዬን ለበስኩ። በጓሮ በኩል እወጣለሁ።