ተሸናፊው ቶሎ እንዳይሄድ

የኔ ጌታ አሰፋ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ለሙት ዓመትህ ጌሾው ተወቅጧል፤ ገብሱም ተፈጭቷል። ቤቱ ደህና ነው። የጓሮው አጥር ወድቆ ነበር፤ አሳጠርኩት። ሞላሌ ውስጥ ሰው ሁሉ ሞባይል ይዟል፤ ኔትወርኩ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ካልወጡ አይሰማም። እናትህ እማማ ጥሩነሽ ከእኔ ጋር ናቸው። ብርዱ ጉልበታቸውን ይነካቸዋል እንጂ አንደበታቸው እንደምታውቀው ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ በጥምቀት ሰሞን ስለሚያዘጋጀው የገበጣ ውድድር ነው።

ጥምቀት ሲቃረብ አዲሱ የውድድሩ ሰብሳቢ እኛን መምህራኑን ጠራን። ዘንድሮ ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል፣ የተሸነፈ ይሰናበታል፣ የጎን ጨዋታ የሚባለው ቀርቷል አለ። ጊዜ ይፈጃል፣ ቦታ ያጣብባል ነው ምክንያቱ። እኔ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ከል የለበሰች ሴት በወንዶች ጨዋታ ገብታ ስትከራከር ሰው ምን ይላል ብዬ።

መንገዱን ሙሉ ያ የውድድሩ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለኝ። ጋሽ ወንድይራድ ከራቤል ድረስ በበቅሎ መጥተው ገና በጠዋቱ ተሸነፉ። ወፍራሙን የሱፍ ባናቸውን ደርበው በቅሏቸው ላይ ሊወጡ ሲሉ ሮጠህ ልጓሙን ያዝክ።

«ጋሼ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ተሸነፍኩ እኮ ልጄ። ከዚህ ወዲያ ምን እሠራለሁ?»

«የተሸነፉት ዋናውን ነው። ሌላ ጨዋታ አለን።»

ሌላ ጨዋታ አልነበረንም። ዞር ብለህ በዓይንህ ጠቀስከኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ሳወጣ፣ አንተ ከውድድሩ የወደቁትን ሁለት ሁለት እያደረግህ ስታጣምር፣ የጎን ጨዋታው እንዲያ ተጀመረ። ቤት ስንገባ እየሳቅህ፣ «ሰው ተሸንፎ ቶሎ ከሄደ ለከርሞ አይመጣም» አልከኝ።

ሰብሳቢው ያለውን ለእማማ ነገርኳቸው። የበግ ጸጉር ይፈትሉ ነበር፤ እንዝርቱን አቆሙ።

«ታዲያ ልጄ የተከለውን ሌላው ሲነቅለው ልታዪ ነው የተቀመጥሽው?»

«ሐዘንተኛ ነኝ እኮ እማማ። ሰው ይታዘበኛል።»

«የሞተው የኔ ልጅ ነው። እኔ ካልታዘብኩሽ ማን ይታዘብሻል?»

በማግስቱ ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። ነገር አላበዛሁም። «ድልድሉን ላውጣበት ሁለት ቀን ስጠኝ። አዳራሹ ለዋናው ይሁን፤ ለእኔ ክፍሎቹ ይበቁኛል። ሰዓት ከተዛባ እኔን ጠይቅ» አልኩት። አየት አደረገኝና እሺ አለ።

የውድድሩ ቀን ጅምሩ አላማረም። በዋናው ተራ የሚጠብቁትንም በጎን ጨዋታው አስገብቼ ስለነበር፣ የዋናው ሁለተኛ ዙር ሲጀመር አንዱን ሰው ሁለት ቦታ ጠሩት፤ ጩኸት ሆነ። ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። አልደነገጥኩም። ደወል አስደወልኩና እንደገና ደለደልኩት፦ የዋናው ዙር ሳያልቅ የጎኑ አይጀመርም፤ ቶሎ የሚያልቁት ጨዋታዎች ከምሳ በፊት ይሁኑ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተራ በተራ የሚጫወቱት ረጅሙ የጥንድ ጨዋታ ደግሞ ከሰዓት በኋላ። ከዚያ ወዲህ ጩኸት አልሰማሁም።

ጋሽ ወንድይራድ ዘንድሮም መጥተው ነበር፤ ዘንድሮም በጠዋቱ ተሸነፉ። ለጥንድ ጨዋታው ዕጣ ስናወጣ እሳቸው ያለ አጣማጅ ቀሩ። ሰው ስፈልግላቸው፣ «አንቺስ? አሰፋ ካንቺ ጋር ሲጫወት አይደል የኖረው?» አሉኝ ጮክ ብለው። አንዲት ጎረቤታችን ራሷን ስትነቀንቅ አየኋት። ቀና ስል እናትህ መስኮቱ ጋ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ተቀመጪ እንጂ!» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። ጠጠሩን ዘገንኩ። ክረምቱን ሁሉ ካንተ ጋር የተጫወትኩት አልጠፋኝም። ያ አንተን ያናድድህ የነበረው አጨዋወቴ፣ ባላጋራዬ ጉድጓዱን ሞልቶ እስኪያመቻችልኝ ዝም ብዬ የምጠብቀው፣ ሠራልን። ጋሽ ወንድይራድ ይቸኩላሉ፤ እኔ አረጋጋቸዋለሁ። ከዘመሮ የመጡትን አሸነፍን፤ ቀጥለን የራሳችንን መምህራን። የመጨረሻው ጠጠር ሲወሰድ ሽማግሌው ብድግ ብለው ባናቸውን ወደ ላይ ወረወሩት፤ ባናው ሰብሳቢው ላይ አረፈ። ካንተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ፤ ከል እንደለበስኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ያቺ ጎረቤታችንም አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

በኋላ ሰብሳቢው መጥቶ ለከርሞ ዋንጫውን በስምህ እንሰይመው አለኝ። ደስ ይበለው፣ ይሰይም። እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው፤ የጎን ጨዋታው ሰዓት ከዋናው ጋር አብሮ እንዲወጣ፣ ድልድሉም በእጄ እንዲሆን። ተስማማ።

ስለዚህ አታስብ አሴ። ሙት ዓመትህ ሲወጣ ከሉን አወልቃለሁ፤ እናትህም ፈቅደዋል። አንተን ግን አልረሳህም። ከዓመት ዓመት በጥምቀት ሰሞን እዚያው ደጃፍ ላይ እቆማለሁ። ተሸንፎ የሚወጣ ሰው «እንግዲህ ወዴት ልሂድ?» ሲል፣ ክፍሉንና ሰዓቱን እነግረዋለሁ። ማን እንደጀመረውም እነግረዋለሁ።

ያንተው ይመኙሻል