ዱቄቱን እንዳትነኪ

ማርች 4

ዛሬም እጄን ስታጠብ ዋልኩ። በጣቶቼ መሃል ቆዳዬ ተሰነጣጥቋል። የደም ማዕከሉ ደረጃ ላይ ያው አኝከው የተፉት ጉትካ የሚባል ትንባሆ... ቀይ ምራቅ፣ ከግድግዳው እስከ መሬት። «መትፋት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ላይ ሳይቀር ተፍተውበታል።

አዲስ ሠልጣኝ መጣች። ሳባጊ ትባላለች። ከወንዙ ማዶ፣ ከሮህሪ የቴምር እርሻዎች። ልጇ ሬሻም አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ታላሴሚያ የሚባል ደም የሚያሳጣ የዘር በሽታ አለባት። ለሁሉም እንደምነግረው ነገርኳት፦ «በየሦስት ሳምንቱ የምትወስደው ደም ብረት ያመጣል። ብረቱ ልቧ ላይ ይጠራቀማል። ይቺ ፓምፕ ወገቧ ላይ ታስራ መድኃኒቱን ቀስ እያለች ከቆዳዋ ሥር ታስገባለች፣ ብረቱን ታስወጣለች። በሳምንት አምስት ቀን። ካልሆነ ልቧ አይችልም።»

የመጀመሪያው ቀን እንደ ሁሌው። ስፖንጅ ላይ መርፌ መውጋት፣ ሲሪንጁን በተጣራ ውሃ መሙላት፣ ፓምፗ ላይ መግጠም። ለልምምድ ስለሆነ ውሃ ብቻ። የመድኃኒቱን ዱቄት በውሃ ማሟሟትና ሽንት እንደሚቀላ መንገር የሁለተኛው ቀን ነው። መድኃኒቱ ብረቱን ይዞ ሲወጣ ሽንት ይቀላል፤ ስነግራቸው ሁሌ ይደነግጣሉ።

ስፖንጁ ይሸታል። የስንት ሰው ላብ ጠጥቶ! አዲስ ከጠየቅኩ ሦስት ወር ሆነኝ።

ሳባጊ ማንበብ አትችልም። ግን ብርድ ልብስ እየሰፋች የምትሸጥ ናት፣ እጇ መርፌ ያውቃል። አንድም ነገር ሁለቴ አላሳየኋትም።

ማርች 5

ሁለተኛ ቀን የሚባል አልነበረም።

ጠዋት የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ሱምሮ፦ «ጉልናር፣ ዛሬ ሥልጠና ብሎ ነገር የለም። ከካራቺ ለጋሾች እየመጡ ነው። አንዷን እናት አዘጋጂና ታሳያቸው።»

ሳባጊን አዘጋጀኋት። ሳምቡሳው የተጠበሰበት ዘይት ሽታ እስከ ደም ክፍል ደርሷል። ጨርቅ ላይ የተጻፈ ትልቅ ማስታወቂያ፣ የጽጌረዳ ጉንጉን፣ ፎቶ። የዱቄቱን ብልቃጦች ለዓይን እንዲያምሩ ደረደርኳቸው። ሳባጊ አንዱን ልታነሳ ስትል እጇን ያዝኩ። «ዱቄቱን እንዳትነኪ፣ ውድ ነው። በውሃው ብቻ» አልኳት። እሷም በውሃው ብቻ አሳየች። ከእኔ በላይ! አጨበጨቡላት።

ሽቶዋ የሚያፍን አንዲት እንግዳ የሬሻምን ጉንጭ ይዛ ፎቶ ተነሳች። ከዚያ ማንም ያላያት መስሏት እጇን በሶፍት ጠረገች።

ማታ ሳባጊና ልጇ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ተጣደፉ። ቅጹ ላይ «ሁለት ቀን ሠልጥናለች» ብዬ ፈረምኩ። ሳባጊም አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ አተመች። የወሩን መድኃኒት፣ አርባ ብልቃጥ፣ ተሸክማ ሄደች። የቀረውን ሌላ ቀን አሳያታለሁ...

ማርች 26

ሬሻም ለደም መጣች። «ሲስተር፣ ይለበልበኛል» አለች፣ ሆዷን እየነካች። «መድኃኒት ነው፣ ታገሺ» አልኳት። ወረፋው እስከ በሩ ነበር።

ኤፕሪል 17

የሬሻም የደም ብረት ልኬት በማርች ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ነበር። ዛሬ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ደረጃው ላይ ሁለቴ ቆማ ተነፈሰች።

«እየተጠቀማችሁ ነው?» አልኳቸው። «በደንብ» አለች እናትየው። ሁሉም «በደንብ» ነው የሚሉት። ባለፈው ሳምንት አንዱ አባት የፓምፑን ባትሪ አውጥቶ ለሬዲዮ አድርጎት አግኝቼዋለሁ። እሱም «በደንብ» ብሎኝ ነበር።

ሜይ 28

አራት ሺህ ሰባት መቶ።

ደሜ ፈላ። ኮሪደሩ ላይ ነው የያዝኳት፣ ሰው ሁሉ እያየ።

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ትዋሺኛለሽ? ይቺን ፓምፕ ስንት ልጅ እየጠበቃት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«በልጄ እምላለሁ፣ ሲስተር። አንድ ቀን አላጎደልኩም።»

«በልጅሽማ አትማዪ። በገዛ እጅሽ እየገደልሻት ነው።»

ሬሻም የእናቷን የልብስ ጫፍ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ለማን እንደሆነ እንጃ። ውሸት እንደ ሽታ ነው፣ አንዴ ከገባብኝ ቀኑን ሙሉ ከአፍንጫዬ አይወጣም።

ዶክተር ሱምሮ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የጨመረበትን ከዝርዝር ያወጣል። ደንቡ ነው። «ሂጂና ቤታቸው ድረስ እዪ። አለመጠቀማቸውን ጻፊና ፓምፑን ይዘሽ ነዪ» አለኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ነው ያለኝ።

ጁን 6

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ድልድዩን ተሻግሬ በባለሦስት እግሩ ባጃጅ ሄድኩ። ሙቀቱ ያነዳል። ሳባጊ ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አልገላመጠችኝም። እርጎ በጥብጣ ሰጠችኝ። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የጣት አሻራ አየሁና አልጠጣሁም፤ አስቀመጥኩት። አይታለች።

ወጥመዴን ዘረጋሁ። «ሽንቷ ምን ይመስላል?» አልኩ። የሚዋሹት እዚህ ጋ ነው የሚያዙት።

ግራ ገባት። «ሽንት ነዋ፣ ሲስተር። እንደ ሁላችን።»

ያዝኩሽ! አልኩ በሆዴ። «በይ፣ ሁሌ እንደምታደርጊው አሳዪኝ።»

እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጠበች፣ እንዳስተማርኳት እየቆጠረች። ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈች። የተጣራውን ውሃ ከፈተች፣ በሲሪንጁ እስከ መስመሩ ሳበች፣ አረፋውን በጣቷ እየመታች አወጣች። ፓምፗ ላይ ገጠመች። የሬሻምን ሆድ በአልኮል ጠረገች። ሆዷ ላይ የመርፌ ምልክት ብቻ ነው፣ ቦታ እየቀየረች በተርታ የወጋችው። ሦስት ወር ሙሉ የተወጋ ሆድ። መርፌውን ስታነሳ...

«ቆይ» አልኩ። «ዱቄቱስ?»

«የቱ ዱቄት?»

«ብልቃጡ ውስጥ ያለው። መድኃኒቱ።»

«እሱማ አለ።» ፊቷ በራ። «አንድም አላባከንኩም።»

ከአንገቷ ቁልፍ አወጣች። የሬሻምን የሠርግ ሳንዱቅ ከፈተች፣ የብረት ነው። ለሠርጓ የሰፋችላትን ብርድ ልብሶች አንድ በአንድ አነሳች። ከሥር ብልቃጦቹ። በአርባ በአርባ ተደርድረው፣ በየመሃላቸው ጨርቅ እንዳይጋጩ። መቶ ሃያ። ክዳናቸው አልተነካም።

«አትንኪ፣ ውድ ነው ብለሽኝ የለ? ሲብስባት ዶክተሩ የሚሰጣት መስሎኝ። በየወሩ ስትጨምሪልኝ እየባሰባት ነው ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ።»

ሳንዱቁ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ... ልጅቷን ሦስት ወር ውሃ ስንወጋት ኖረናል። ይለበልበኛል ስትል «ታገሺ» አልኳት። ውሃውን ነበር የምትታገሠው።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ሳባጊ።

ምንም። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። እርጎውን አንስቼ ጠጣሁት። ሞቆ ነበር።

ጁን 7

ጠዋት ለዶክተር ሱምሮ ነገርኩት። መጀመሪያ ብልቃጦቹ የት እንደነበሩ ጠየቀ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በብረት ሳንዱቅ፣ በዚህ ሙቀት። «ተበላሽቷል። ሁሉም ይጣል» አለ። ቀጥሎ ቅጹን አወጣ። የእኔ ፊርማ፣ ከሥሩ የሳባጊ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የአውራ ጣት አሻራ።

«ማንበብ የማትችል ሴት ናት። ተነግሯት አልገባትም ብለሽ ጻፊ። ጣቷን አትማለች እኮ።»

«እኔም ፈርሜያለሁ።»

«ለዚህ ነው እኮ የምልሽ፣ ጉልናር። ለራስሽ ስል ነው።»

ሻይ አዘዘልኝ። ብስኩቱን ሻዩ ውስጥ እየነከረ ሲበላ አየሁት። ያ ሁሉ የለጋሾች ፎቶ ከጀርባው ግድግዳው ላይ። ሳባጊም አለችበት፣ ሲሪንጅ ይዛ። ውሃ ያለበት ሲሪንጅ። አስጠላኝ። ያስጠላኝ እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር... የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? ደረጃው ላይ የሚተፉትን ስጸየፍ የኖርኩ ሴት!

ጁን 8

ሦስት ጊዜ ጻፍኩ።

በመጀመሪያው «ሁለተኛው ቀን ሳይሰጥ ቀርቷል» ይላል። ማን ነው ያልሰጠው? ቀደድኩት። በሁለተኛው «በእንግዶች ምክንያት» የሚል አለ። እንግዶቹ ናቸው የፈረሙት? ቀደድኩት።

ሦስተኛው አጭር ነው። «ሁለተኛውን ቀን አላስተማርኩም። እንዳስተማርኩ አድርጌ ፈርሜያለሁ። ዱቄቱን እንዳትነኪ ያልኳት እኔ ነኝ። እናትየው የነገርኳትን በሙሉ ፈጽማለች። ፓምፑ ከልጅቷ እንዳይወሰድ።»

ለዶክተሩ ሰጠሁት፣ አንዱን ቅጂ ለማዕከሉ ቦርድ። አላየኝም።

ጁን 12

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። የፈረምኩላቸው ሠላሳ አንድ ቤተሰቦች ሁሉ ተጠርተው እንደገና ይታያሉ። ይገባል። ዛሬ ስድስቱን አየሁ። አንዷ ዱቄቱን ከግማሽ በታች ነው የምትጨምረው፣ «እንዳይከብደው» ብላ። አሁን እኔ አላሳይም፤ እነሱ ያሳያሉ፣ እኔ አፌን ዘግቼ አያለሁ። አፌን መዝጋት እንዲህ ከባድ ነው እንዴ?

ሳባጊ መጣች። ሁለተኛውን ቀን አስተማርኳት፣ በእውነተኛው ዱቄት። ውሃውን ብልቃጡ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ ማዞር፣ ጠርቶ እስኪታይ። ኮሪደሩ ላይ ያን ሁሉ ያልኳትን ይቅር በዪኝ አልኳት። የዚያኑ ወረፋ ሴቶች ፊት። ብልቃጡን እያዞረች፦

«ሌላስ? ያልነገርሽኝ ሌላ አለ?»

ስለ ሽንቱ ነገርኳት።

«ሌላስ?»

ስለ ሙቀቱ ነገርኳት። ጥላ ውስጥ፣ ከውሃ እንስራው አጠገብ።

«ሌላስ?»

«የለም» አልኩ። አዲሱን ቅጽ ሳቀርብላት እጇን ሰበሰበች። «ጣቴን አሁን አላደርግም። መጀመሪያ ልየው» አለችና የአዲሱን መድኃኒት ሣጥን ተሸክማ ሄደች።

አሮጌዎቹን መቶ ሃያ ብልቃጦች ከሰዓት በኋላ ጣልን። ስትመጣ ራሷ ነበረች አምጥታ ከብርድ ልብሱ ጨርቅ እየፈታች የሰጠችኝ።

ጁን 14

ገና በሩን ስንከፍት ሳባጊ ደረጃው ላይ ነበረች። ሬሻም ከኋላዋ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የመጡት።

ጠረጴዛዬ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስቀመጠች። ፈታሁት። አቻር የሚሉት በቅመም የተዘፈዘፈ ማንጎ የሚቀመጥበት ጠርሙስ። እስከ ግማሹ ሽንት።

እኔ! በሩ የተዘጋ ክፍል ሽታ የሚያሳምመኝ፣ ጓንት ሳላደርግ እርሳስ የማላነሳ... ጠርሙሱን በባዶ እጄ አንስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ገና ሙቀት አለው። ከክዳኑ የቅመሙ ሽታ ይመጣል። ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረግኩት።

ቀይ። የዛገ ቆርቆሮ ውሃ ሲወርድበት የሚመስል ቀይ።

«ሌሊቱን ሙሉ ነው የቀላው፣ ሲስተር» አለች ሬሻም። «እማዬ አልደነገጠችም። እኔ ነኝ የደነገጥኩት።»

ልቧ ምን ያህል እንደተጎዳ አናውቅም። በኦገስት ካራቺ ሄዳ ትታያለች። ሦስቱን ወር ማንም አይመልስላትም፤ ይሄን ለሳባጊም ነገርኳት፣ ሳላለሳልስ። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደች፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ መልሳ ጠረጴዛው ላይ ቅጹ አጠገብ አስቀመጠችው።

«አሁን ፈርሚ» አለችኝ።

ፈረምኩ። የዛሬን ቀን ጻፍኩበት። እሷም አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ከሥር አተመች፣ ቀስ ብላ፣ እስኪደርቅ እፍ አለችበት።