እናትህን ባሕር ያሳየንበት ቅዳሜ

ውድ ታዴ፣

ከተለየኸን አራት ወር አለፈ። እናትህ ግን እስከ ዛሬ አልተረዱም። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶችህ፣ ቪዛቸው ስለደረሰ፣ መቃብርህ ባለበት አገር ያርዷቸው ብለው ባሕር ማዶ ወደ እኛ ላኳቸው።

ረቡዕ ገቡ። ገና ኤርፖርት ሳሉ “ታደሰስ?” አሉኝ። ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነው፣ እሑድ ይመጣል አልኋቸው። እንዲህ በይ ያሉኝ ጎረቤታችን ጋሼ መኮንን ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከፈረቃ ነፃ የሚሆኑት እሑድ ብቻ ስለሆነ፣ መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ሊነገር ተቀጥሯል።

ፎቶህን ከሳሎን አንሥቼ እኔ አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ። ጥቁር ልብሴን አውልቄ አንተ የገዛህልኝን ቢጫ ሹራብ ለበስሁ። ሣራንም ስለ አባትሽ ለአያትሽ ምንም እንዳትናገሪ አልኋት። “ኦኬ” አለች።

ዛሬ የጎረቤት ሴቶች ቤቱን ለለቅሶ እንዲያዘጋጁ እናትህን ይዘን መውጣት ነበረብን። ጋሼ መኮንን በባሕሩ ዳር መንገድ ወሰዱን። ትዝ ይልሃል፣ ሣራ ገና በእቅፍ ሳለች አንግልሲ የባሕር ዳርቻ ላይ ማዕበሉ አንድ እግር ጫማህን ወሰደው። በአንድ ጫማ እየነዳህ፣ እማዬ ስትመጣ መጀመሪያ እዚህ አመጣታለሁ፣ ባሕሩን ተቆጥታ ታስመልስልኛለች አልህ።

ክረምት ስለሆነ ከተሞቹ ጭር ብለዋል። ቶርኬ ላይ የአይስክሬም ቤቱ በሰንሰለት ተዘግቷል። እናትህ “ሰዉ ወዴት ሄደ?” አሉ። “ብርድ ፈርቶ ነው፣ እትዬ” አሉ ጋሼ መኮንን። አንግልሲ ስንደርስ ደግሞ ታደሰ ይህን አይቶታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይቶታል አልሁ። የጫማውን ነገር ልነግራቸው ፈልጌ ድምፄን ፈራሁት።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ ይሄዳል። ከታች ባሕሩ ጠቁሮ ነበር። ከመንገዱ በላይ በተዘረጋ የእንጨት ቅስት ሥር ስናልፍ እናትህ ምንድን ነው አሉ። በጦርነት ለሞቱ ወታደሮች መታሰቢያ መሆኑን ጋሼ መኮንን ያውቃሉ። “የመንገዱ በር ነው” አሉ።

እናትህ ቅስቱን ትተው የሣራን ፊት ያዩ ጀመር። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አባቷን አላነሣችም። ይህን አላሰብሁበትም ነበር። አባቷ ነገ የሚመጣላት የስድስት ዓመት ልጅ እንዲህ ዝም አትልም።

ሎርን የምትባለው ከተማ ላይ ብቻቸውን ወደ ውሃው ወረዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ብዙ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ኬንሲንግተን ቤታችን እስክንገባ ስለ አንተ አልጠየቁም። መኪናው ውስጥ ሣራን አቅፈው ሲቀመጡ ነጠላቸውን አየሁት። ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው፣ ዘቅዝቀውታል።

አሁን ጓዳ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አላስተካከሉም፣ አላለቀሱምም። እኛን ላለማሳፈር ነገን እየጠበቁልን ነው። ጋሼ መኮንን ሥርዓቱ ይፈርሳል ብለው ይቆጡኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ብቻቸውን አላሳድራቸውም። ሹራቡን አውልቄአለሁ፤ ፎቶህን ይዤ ልገባ ነው። ከተላቀስን በኋላ ስለ ጫማህ እነግራቸዋለሁ። ሣራም ስምህን እንደ ልቧ ትጥራ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ታዴ፣ በዚህ ቤት ዳግመኛ አትደበቅም።

ባለቤትህ
አልማዝ