አልጋዬን ሰው ያነጠፈልኝ ቀን

ይድረስ ለቤቴ አባወራ፣ ለሽፌ፤

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን አውጥተን፣ እኔም ጥቁሬን አውልቄ፣ ይኸው ዛሬ ባሕር መሃል ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ። አዎ፣ በዚያችው መርከብ ላይ ነኝ። ጡረታ ስትወጣ አብረን እንድንሄድ ያስያዝካት፣ "ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አንሠራም!" እያልክ ስትፎክርባት የነበረችው መርከብ። ፉከራው ያንተ ነበር፤ የተሳፈርኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ብሌን ጉዞውን ልታሰርዘው ነበር። ልጅህ ፍሪስኮ ከተማ አዲስ ሥራ ስለያዘች አብራኝ ለመምጣት ፈቃድ አላገኘችም። "ማሚ፣ ብቻሽን እንዴት ነው የምትሄጂው? ካንሰል እናድርገው፤ ማለቴ፣ ዳዲ ራሱ ኦኬ ይለን ነበር" አለችኝ። ዳዲ ኦኬ እንደማይል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል! የሰንበቴ ጓደኞቼም "ባሏ ሞቶ እሷ መርከብ ላይ ልትዝናና ነው" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ይበሉ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ብሌን እስከ ጋልቬስተን ወደብ ነድታ አደረሰችኝና፣ ልጇን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እንደምትተው እናት ወደቡ ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ፓስፖርቴን ራሴ አሳየሁ፣ የተጠየቅኩትን ራሴ መለስኩ። እንግሊዝኛ በመጣ ቁጥር ከኋላህ ትሸሸግ የነበረችውን ሴትዮ አየህልኝ?

ቤቱ ደህና ነው። አድሰዋለሁ እያልክ ስትዝትበት የኖርከው የጓሮ አጥር አንድ ቀን በነፋስ ወደቀና በአዲስ ተተካ። መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ፤ ሃይዌይ ላይ ጭምር! መስመር ስገባ ግን አሁንም ስምህን ነው የምጠራው። የኤርፖርቱ አውሮፕላኖችም እንደ ድሮው ጣራችንን ታክከው ያልፋሉ።

ዛሬ የትም ወደብ አንደርስም፤ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ነው የምንውለው። ጠዋት ስነሣ የጎደለብኝ ነገር ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ፤ ለካ የአውሮፕላን ድምፅ የለም። ያን ሁሉ ዘመን ኧርቪንግ ስንኖር እንዲህ ያለ ጸጥታ መቼ አውቀን! ውኃው ራሱ የተኛ ይመስላል። ሥራ የለ፣ ጉዳይ የለ፣ የሚጠብቀኝ ሰው የለ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። እጅ አጣጥፎ መዋል አልለመድኩም።

ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ አልጋዬን አነጠፍኩ። ከተሳፈርኩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ክፍሌን የምታጸዳው ሎርና ከመምጣቷ በፊት አንሶላውን ወጥሬ፣ ፎጣዎቹን አጣጥፌ፣ መስታወቱን ወልውዬ እጠብቃታለሁ። ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ እኮ ነው። ሎርና ልጆቿን ፊሊፒንስ ለእናቷ ትታ የመጣች ጎልማሳ ሴት ናት። ዛሬ በሩ ላይ ቆመችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሥራዬ ቅር ያለሽ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለካ እንግዳ ክፍሉን በገዛ እጁ ሲያጸዳ፣ አለቆቿ ሥራዋን ስላልወደደ ይመስላቸዋል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፣ ሽፌ። እኔም በምሠራበት ሆቴል እንግዳ ቅሬታ አቀረበብሽ ተብዬ ስጠራ የማሳየው ፊት ነው። ደንግጬ እጇን ያዝኳትና፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ፣ የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ነው ያረጀሁት አልኳት። መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ጣቷንም ወደ በሩ ቀስራ፣ እንግዲያውስ እዚህ እንግዳ ነሽና ውጪልኝ አለችኝ።

ያኔ ነው ቃልህ ትዝ ያለኝ። እኔ የሰው አልጋ ሳነጥፍ ለመዋል ማልጄ እወጣለሁ፤ የራሳችንን የምታነጥፈው አንተ ነበርክ። አነጣጠፍህ ደግሞ! አንሶላው በአንድ በኩል መሬት ይጠርጋል፣ ትራስህ ሁልጊዜ ጠማማ ነው። ፊትህ አመሰግንሃለሁ፤ ዞር ስትል አቃናዋለሁ። አንተ ግን ደረትህን ነፍተህ፣ "ግድ የለም፣ አንድ ቀን የማናውቀው ሰው ያነጥፍልሻል፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ነው የምትውይው" ትለኝ ነበር።

ሎርና ዓይኗ እያየ ያነጠፍኩትን አልጋ መልሼ አፈረስኩት። አንሶላውን ጎተትኩ፣ ብርድ ልብሱን ወዲያ፣ ትራሶቹን ወዲህ ወረወርኩ። ሁለታችንም እንደ ልጅ ተንከትክተን ሳቅን። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ።

ተቀመጥኩ። እጆቼ መጀመሪያ አናርፍም አሉኝ፤ ሳላስበው አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር ፎጣ ሳስተካክል ተገኘሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ባልና ሚስት ከጎረቤታችን ከተማ ከፎርት ወርዝ ናቸው። ብቻዬን መሆኔን አይተው ስለ አንተ ጠየቁኝ። አፌን ሞልቼ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ኤርፖርት የፓርኪንጉን አውቶቡስ የሚነዳ፣ በዚያ በበጋው ሐሩር እንኳ ክራቫቱን የማያላላ ሰው ነበር፤ ከዳላስ በርራችሁ የምታውቁ ከሆነ ሻንጣችሁን እሱ አንሥቶላችሁ ይሆናል አልኳቸው። ሰውየው ጥቂት አሰበና፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሾፌሩን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም አለኝ። ግድ የለም፣ እሱ አይቷችኋል አልኩት። ያንተ ሚስት በመሆኔ እንደዛሬ ኮርቼ አላውቅም። ቀና ብዬ፣ እጄን አጣጥፌ፣ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ባሕሩን ሳይ ዋልኩ።

ክፍሌ ስመለስ አልጋው ተነጥፏል። ሙያው ሙያዬ ነውና ልፍረድ፤ እንከን የለውም። የአንሶላው አስተጣጠፍ የኔው ነው የሚመስለው። ጠርዙ ላይ ቁጭ አልኩና ወደቡ ላይ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት። እኔ እጄን ያላሳረፍኩበት፣ የማላውቀው ሰው ያነጠፈልኝ አልጋ! ቃልህን ጠበቅህ፣ ሽፌ። ሞተህም ጠበቅህ።

አንድ ነገር ብቻ አላስችል አለኝ። ባንተ በኩል ያለው ትራስ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ባየው ባየው የሌላ ሰው ትራስ ሆነብኝ። አንሥቼ ልክ እንዳንተ አጣምሜ አስቀመጥኩት። ነገ ለሎርና እነግራታለሁ፤ ሁሉንም ታንጥፍልኝ፣ እሱን ብቻ እንዳትነካው። ኧርቪንግ ስገባም እንዲሁ ነው። በሕይወት ሳለህ በየቀኑ አቃናሁብህ፤ ከእንግዲህ ግን እኔ እስካለሁ ድረስ ትራስህ ጠማማ ሆኖ ይኖራል።

ያንተው የሺ